በእገሌ በኩል

በአገራችን ደብዳቤ የሚታደለው በየቤቱ ሳይሆን በየፖስታ ሣጥኑ ስለሆነ፣ የራሱ ሣጥን የሌለው ሰው ሣጥን ያለውን ይጠጋል። ከስሙም ቀጥሎ «በእገሌ በኩል» የሚል ሐረግ ይሰፍራል። አባቴ መምህር ነበርና ደብዳቤዎቹ ይመጡለት የነበረው በትምህርት ቤቱ በኩል ነበር። ሳንሱሲ የሚገኘው ቤታችን ቁጥር አጥቶ አይደለም፤ በቆርቆሮው በር ላይ በነጭ ቀለም ተጽፏል። ዳሩ ግን ያ ቁጥር ከቀበሌው ውጭ ለማንም ምንም አይነግርም፤ ያው ቁጥር በሌላውም ቀበሌ አለና። እንግዳ ስንጠራ «ከአስኮ ወደ ቡራዩ የሚሄድ ታክሲ ያዝ፤ ሳንሱሲ ስትደርስ ውረድና ደውል፤ ሰው እልካለሁ» ነው የምንለው።

ይኸው ነገር ኢንተርኔት ላይም ይጠብቀኝ ኖሯል።

አባቴ ሲያርፍ ዘጠኝ ደብተር ሙሉ ግጥም ትቶልን ሄደ። አንዱም አልታተመም። የቀድሞ ተማሪዎቹ «ያችን ግጥም የት እናግኛት?» እያሉ ይጠይቁኛል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው እህቴም የእጅ ጽሑፉን ማየት ትናፍቃለች። ገጾቹን አንድ በአንድ ስካን አድርጌ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ አኖርኋቸው፤ ሊኑክስ ጭኜም ሰርቨር አደረግሁት። ከነጻ አገልግሎቶች በአንዱ ላይ ማስቀመጥ ይቀል ነበር። ነገር ግን ጂኦሲቲስ ትዝ ይለኛል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ገጻቸውን የሠሩበትን ያን መንደር ያሁ በጥቅምት 2002 ዓ.ም. ሲዘጋው፣ በጎ ፈቃደኞች ተሯሩጠው ካተረፉት በቀር ብዙው ጠፍቷል። የአባቴን ደብተሮች በሰው ቤት ላስቀምጣቸው አልወደድሁም፤ ከተጻፉበት ጠረጴዛ ላይ ሆነው እንዲነበቡ ፈለግሁ።

እቤት ውስጥ ነገሩ ቀላል ነበር። ስልኬ ላይ 192.168.1.20 ብዬ ስጽፍ የአባቴ ፊደላት ብቅ አሉ። ችግሩ ይህ አድራሻ እንደ ቀበሌው የቤት ቁጥር መሆኑ ነው። በ192.168 የሚጀምሩ ቁጥሮች ለግቢ ውስጥ አገልግሎት ብቻ የተተዉ ስለሆኑ በዓለም ዙሪያ በየቤቱ ይደጋገማሉ። ወደ ውጭ የሚያወጣን ራውተሩ ነው፤ እርሱም እንደ ጥሩ ዘበኛ ነው። ከቤት የወጣ ጥያቄ መልሱን ይዞ ሲመለስ ያስገባዋል፤ ሳይጠራ የመጣውን ግን «ማንን ፈልገህ ነው?» ብሎ እደጅ ያስቀረዋል። ስለዚህ ፖርት ከሚባሉት በሮች በ80ኛውና በ443ኛው የሚያንኳኳውን ሁሉ ወደ ላፕቶፑ እንዲመራ አዘዝሁት። ከዚያም እህቴ ካለችበት ሆና እንድትሞክር ጠየቅኋት። ምንም መልስ የለም።

የራውተሩን የውጭ አድራሻ ስመለከተው በ100.64 ይጀምራል። ምክንያቱ ያኔ ተገለጠልኝ። ይህ የቁጥር ክልል፣ አገልግሎት ሰጪዎች አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ሲያካፍሉ እንዲጠቀሙበት በ2004 ዓ.ም. የተመደበ ነው። የእኔ ግቢ በሌላ ትልቅ ግቢ ውስጥ ነበር፤ የትልቁ ግቢ ዘበኛ ደግሞ እኔን አይሰማም።

ስለምን እንዲህ ሆነ ቢሉ፣ ነገሩ ማዕድ ላይ ዘግይቶ እንደ መድረስ ነው። በነባሩ ሥርዓት ያሉት አድራሻዎች በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ናቸው። ቀድመው የደረሱት በሰፊው ዘገኑ፤ ኤም አይ ቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ከ16 ሚሊዮን በላይ አድራሻ ለአሥርታት ይዞ ኖሯል። ኢትዮጵያ ኢንተርኔት የጀመረችው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ የዓለሙ ማዕከላዊ ክምችት በ2003 ዓ.ም. ተሟጠጠ። ለሁሉ የሚተርፍ አዲስ ሥርዓት፣ አይፒ ቪ 6 የሚባለው፣ ተሠርቷል፤ እኔ ቤት ግን ገና አልደረሰም። እስከዚያው እኛ በኢንተርኔት ላይ እንሄዳለን እንጂ ወደ እኛ የሚመጣ የለም። እናነባለን፣ እንጠይቃለን፣ እንመለከታለን፤ የምንጽፈው ግን በሰው ቤት ያድራል። ዘወትር እንግዳ ሆኖ የሚኖር፣ አንድም ቀን «ግቡ» ብሎ የማያውቅ ሰው ምን ዓይነት ጎረቤት ነው?

ቋሚ አድራሻ በገንዘብ እንደሚገኝ ጠየቅሁ፤ ዋጋው ከአቅሜ በላይ ሆነ። ስለዚህ የአባቴን ዘዴ ያዝሁ። እህቴ ፍራንክፈርት ውስጥ የምትገኝ አንዲት ትንሽ ሰርቨር ተከራየች፤ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ከእኔ ይልቅ ለእርሷ ይቀላልና። ላፕቶፑ ከሳንሱሲ ተነሥቶ ዋየርጋርድ በሚባል ፕሮግራም ወደዚያ ይደውላል፤ መስመሩ እንዳይዘጋም በየ25 ሰከንዱ «አለሁ» ይላል። አንባቢው የፍራንክፈርቱን በር ያንኳኳል፤ ጥያቄውም በዚያው በተከፈተው መስመር ሳንሱሲ ይደርሳል። ደብተሮቹ ከቤት አልወጡም፤ የተከራየነው ሣጥኑን ብቻ ነው።

ደጅን መክፈት ሥጋትም አለው። በደቂቃዎች ውስጥ የይለፍ ቃል የሚገምቱ፣ ሰው ያልሆኑ አንኳኪዎች ሲመላለሱ በሰርቨሩ መዝገብ ላይ አየሁ። ከሰፈራችን ስም ጋር በድምፅ የሚገጥም የፈረንሳይኛ ሐረግ አለ፤ ትርጉሙም «ያለ ሐሳብ» ነው። እኔ ግን ያን ሌሊት ሐሳብ ይዞኝ አደረ። በማግሥቱ በይለፍ ቃል መግባትን ከለከልሁ፤ እኔ ዘንድ ብቻ ያለ ምስጢራዊ ቁልፍ የያዘ ብቻ እንዲገባ አደረግሁ።

የመብራቱ ነገር ደግሞ አለ። የመጀመሪያው የድረ ገጽ ሰርቨር በ1983 ዓ.ም. ስዊዘርላንድ በሚገኘው ሰርን ሲሠራ፣ ቲም በርነርስ ሊ ማንም እንዳያጠፋው የሚያስጠነቅቅ ወረቀት ለጥፎበት ነበር። እኛ ቤት ማጥፊያውን የሚነካ የለም፤ መብራቱ በራሱ ጊዜ ይሄዳል። የላፕቶፑ ባትሪ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይይዛል፤ ራውተሩንም ከአንዲት ትንሽ ባትሪ ጋር አገናኘሁት። ከዚያ ካለፈ የአባቴ ግጥሞች ከእኛ ጋር አብረው ይጨልማሉ።

እህቴ ይህን ጉድለት አልጠላችውም። በምሳ ዕረፍቷ፣ እኛ ዘንድ ከመሸ በኋላ መሆኑ ነው፣ አንድ ሁለት ገጽ ታነባለች፤ ገጹ አልከፈት ሲላት ስልክ ታነሣለች። ባለፈው ሳምንት እናቴ ሁለተኛውን ሻማ ስትለኩስ ስልኩ ጮኸ።

«እማዬ፣ መብራት ጠፋባችሁ እንዴ?»

«አዎ ልጄ፤ ማን ነገረሽ?»