62 ጊዜ «አዎን»

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌ መረጃ ስሰበስብ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። መጠይቁን አባዝቼ ወደማስተምርበት ክፍል ገባሁ። «መሙላት በፈቃደኝነት ነው» አልኩ፤ የተናገርኩትም ከልቤ ነበር። 62 ተማሪዎች ነበሩ፤ 62 ወረቀት ተመለሰልኝ። አንድም ባዶ አልነበረም። የዚያን ዕለት እጅግ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

የጥናቱ ርእስ ምን ነበር? ተማሪዎች ሐሳባቸውን በክፍል ውስጥ ያለ ፍርሃት ይገልጻሉን? ከጥያቄዎቹ አንዱ «ከመምህርህ የተለየ ሐሳብ ለመናገር ነፃነት ይሰማሃል?» ይላል። ሁሉም «አዎን» ብለው መለሱ። ይህን የሞሉት እኔ በመካከላቸው ስመላለስ ነው። የማጠቃለያው ፈተና ገና አልተሰጠም፤ ማርኩም በእኔ እጅ ነበር።

ያን ጊዜ ያላስተዋልኩት ይህ ነው፤ እምቢ ለማለት የሚፈራ ሰው «እሺ» ማለቱ ፈቃድ አይባልም። ተማሪው ክፋት አስባለሁ ብሎ አልጠረጠረኝ ይሆናል። ሆኖም ባዶ ወረቀት ሲመልስ መታየትን አይሻም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባለ በታደገበት አገር፣ መምህርም በክፍሉ ውስጥ ትንሽ ንጉሥ ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የሃርቫርዱ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ሄንሪ መሬይ እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1962 በ22 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ላይ ጥናት አካሂደዋል። ወጣቶቹ የሕይወት ፍልስፍናቸውን እንዲጽፉ ከተደረጉ በኋላ፣ በዚያው ጽሑፋቸው ክብራቸውን በሚነካ ክርክር ተጠቁ። ምን እንደሚጠብቃቸው አስቀድሞ በእውነት አልተነገራቸውም። ይህ የሆነው የኑረምበርግ ደንብ በ1947 የተሳታፊን ነፃ ፈቃድ የመጀመሪያ መርሕ ካደረገ ከ12 ዓመት በኋላ መሆኑ ያስገርማል። የሄልሲንኪ መግለጫ ደግሞ፣ ተሳታፊው የሐኪሙ ጥገኛ ከሆነ ፈቃዱን ከዚያ ግንኙነት ነፃ የሆነ ሌላ ሰው እንዲጠይቅ ያዛል። ለሐኪም የተባለው ለመምህር የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

መፍትሔውም ከባድ አይደለም። ጠያቂው ሌላ ሰው ይሁን። ስም አይጻፍ። ማን እንደሞላና ማን እንደተወ መምህሩ ማርክ አስረክቦ እስኪጨርስ አይወቅ። ተሳትፎው ነጥብ የሚያስገኝ ከሆነም፣ ላልፈለገው ተመጣጣኝ ሌላ ሥራ ይሰጠው።

የመመረቂያ ጽሑፌ ዛሬም በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አለ። ማጠቃለያው «ተማሪዎች በነፃነት ይናገራሉ» ይላል። እኔ ደግሞ በዚህ ገጽ፣ ማዳበሪያና እርዳታ በያዘ እጅ የተሰበሰበ ፊርማ የሕዝብ ድጋፍ አይደለም እያልኩ ባለሥልጣናትን ስተች ኖሬአለሁ። የእኔ 62 «አዎን» ከዚያ ፊርማ በምን ይለያል? መልሱን ለራሴ ሰጥቻለሁ። እነዚያን 62 ተማሪዎች፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ቸር ያሰንብተን።