ትንሹ መሶብ

ሽሮ ሜዳ ውስጥ ባለች አንዲት የኪራይ ክፍል፣ ከአልጋ ግርጌ በተቀመጠች ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ላፕቶፕ በአራት የተደፉ የቡና ሲኒዎች ላይ ሆኖ ይሠራል። ሲኒዎቹ ለጌጥ አልተደፉም፤ ከሥር አየር እንዲገባለት ነው። ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ፍጥነቱን ሲቀንስ ደግሞ ድሮውንም ያዘገመው ሥራ ባለበት ይቆማል። ተከራዩ ወጣት ይህን ያወቀው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከማሽኑ ጋር አምስት ዓመት አብሮ ኖሮ ነው።

ወጣቱ የሚተዳደረው በሞሽን ግራፊክስ፣ ማለትም ፊደልን፣ ሥዕልንና ፎቶግራፍን በማንቀሳቀስ ሙያ ነው። የሠርግ ቪዲዮ መክፈቻ ይሠራል፤ የሱቅ ማስታወቂያ ይሠራል፤ የሙት ዓመት መታሰቢያም ይሠራል። ላፕቶፑ ግን ለዚህ ሙያ አልተፈጠረም። ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ግራፊክሱም የራሱ ማኅደር ስለሌለው ከዚያችው ከአራቷ ይበደራል። አዳዲሶቹ የአፍተር ኢፌክትስ ቅጂዎች ቢያንስ 16 ጊጋባይት ስለሚጠይቁ፣ እሱ የሚጠቀመው ከማሽኑ ጋር ከአንድ የሙያ ታላቁ የወረሰውን እ.ኤ.አ. የ2012 ቅጂ ነው።

የችግሩን ምንነት ለሚጠይቁት ሲያስረዳ የሚጠራው መሶብን ነው። ዲስኩ ጎታ ነው፤ ብዙ ይይዛል፣ ነገር ግን ከጓዳ ነው። ራሙ መሶብ ነው፤ የሚበላው ከእሱ ላይ ነው። ወርዱ 1,920፣ ቁመቱ 1,080 ነጥብ የሆነ አንድ ፍሬም ሳይታመቅ ወደ 8 ሜጋባይት ይመዝናል። በሰከንድ 25 ፍሬም ሲያልፍ 200 ሜጋባይት ያህል ይሆናል፤ አሥር ሰከንድ ማለት 2 ጊጋባይት ነው። ከአራቷ ግማሽ ያህሉን ዊንዶውስ ስለሚወስደው፣ ለወጣቱ የምትተርፈው መሶብ አሥር ሰከንድ እንኳ በቅጡ አትይዝም። መሶቡ ሲሞላ ማሽኑ ለእያንዳንዷ ጉርሻ ወደ ጎታው ይመላለሳል፤ ያን ጊዜ የመዳፊቷ ቀስት ትደርቃለች፤ ሰውዬውም ተነሥቶ ቡና ያፈላል።

ባለፈው ዓመት አንድ ሥራ መጣለት። በዚያው ግቢ ይኖሩ የነበሩ አንዲት እናት ሙት ዓመታቸው ተቃርቦ ነበር። እኚህ ሴት ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥጥ ፈትለው ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ፈትል በመሸጥ ልጆች ያሳደጉ ናቸው። ወጣቱም በልጅነቱ ከደጃፋቸው ቆሎ የዘገነ ነው። ትልቋ ልጃቸው ቤሩት ከገባች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ ለቀብሩም አልደረሰች፣ ለሙት ዓመቱም መምጣት አትችልም። የሁለት ደቂቃ መታሰቢያ እንዲሠራላት ጠየቀችው፤ ቀብዱንም አስቀድማ ላከች። አሥራ አራት ፎቶግራፎችና አንድ የድምፅ መልእክት ተከትለው መጡ።

«እናቴ ስትፈትል ይታይልኝ፣ የኔ ወንድም» ይላል ድምፁ። «እኔ ፊቷን ሳይሆን እጇን ነው የማልመው።»

ቀብዱ በዚያው ሳምንት ለቤት ኪራይ ዋለ። ወደኋላ የሚመለስበት መንገድ አልነበረም።

ወጣቱ ያሰበው ትልቅ ነገር ነበር። ባዘቶ እንደ በረዶ ከሰማይ ይዘንባል፤ በመካከሉ ብርሃን ይፈነጥቃል፤ ጢስ ያልፋል፤ ከጢሱ ውስጥ የእናትየው ፎቶግራፍ ይወጣል። በሺሕ የሚቆጠሩ ብናኞች፣ እያንዳንዳቸው ጥላና ብዥታ ያላቸው። ማሽኑ አንዱን ፍሬም ለመጨረስ 40 ሰከንድ ፈጀበት። ሁለት ደቂቃ 3,000 ፍሬም ነው፤ ጠቅላላው ከ33 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ሐሙስ ማታ በ3 ሰዓት ለቀቀውና ተኛ። ሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ያረጀው ባትሪ ሃያ ደቂቃ እንኳ አልቆየም። ከ700 በላይ ፍሬሞች ተሠርተው ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም በአንድ የቪዲዮ ፋይል ውስጥ ይጻፉ ስለነበርና ፋይሉ ሳይዘጋ ስለተቋረጠ፣ ጠዋት ቢከፍተው አልከፈት አለው። ዝክሩ እሑድ ነው።

ዓርብ ረፋድ ላይ፣ መብራት እስኪመጣ፣ ሌላ የሚሠራው ነገር ስላልነበረው የድምፁን መልእክት በስልኩ ደጋግሞ አዳመጠ። ልጅቱ ስለ በረዶ አላነሣችም፤ ስለ ብርሃንም አላነሣችም። የጠየቀችው እጅ ነው። በረዶው የእሱ ነበር፤ ጢሱም የእሱ ነበር፤ ሁለቱም የተጨመሩት ሙያውን ለማሳየት እንጂ ሟቿን ለማሳየት አልነበረም። ማሽኑ እምቢ ባይለው ኖሮ ይህን ልብ ማለቱ ያጠራጥራል።

መብራት ሲመጣ ሁሉንም አጠፋና ከፎቶግራፎቹ ጀመረ። በስልክ የተነሡት ምስሎች 4,000 በ3,000 ነጥብ ስለነበሩ፣ እያንዳንዳቸው በራም ላይ 48 ሜጋባይት ይይዛሉ፤ አስቀድሞ አሳንሶ አስገባቸው። ጥላውንና ቀለሙን ከፎቶግራፉ ጋር አንድ አድርጎ አወጣ፤ ማሽኑ በየፍሬሙ እንደገና እንዳያሰላው ነው። ሲሠራም የማሳያውን ጥራት በግማሽ ዝቅ አደረገ፤ ወርዱም ቁመቱም በግማሽ ሲቀንስ ክብደቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ያቺው መሶብ አራት እጥፍ ትይዛለች። ይህ አዲስ ብልኀት አይደለም። አፍተር ኢፌክትስ እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካዋ ፕሮቪደንስ ከተማ ሲወለድ የቤት ኮምፒዩተሮች ራም የሚቆጠረው በሜጋባይት ነበር፤ መቆጠብ ከሙያው ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

በመጨረሻ የሚንቀሳቀስ አንድ ነገር ብቻ ቀረ። እናትየው አንገታቸውን ደፍተው ከእንዝርቱ ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ ጸጥ ብሎ ይቆማል። ከእንዝርቱ ጫፍ ነጭ ክር ይወጣል፤ ክሩ እየተሳበ ከአንዱ ፎቶግራፍ ወደ ሌላው፣ ከልጅ ወደ ልጅ ይሻገራል፤ መጨረሻ ላይ ስማቸውን ይጽፋል። ክሩ ለኮምፒዩተሩ አንድ መስመር ነው፤ መስመርን ከጫፉ ጀምሮ ቀስ በቀስ መግለጥ ብዙ ስሌት አይፈልግም። አንዱ ፍሬም 5 ሰከንድ ሆነ፤ ጠቅላላው ከአራት ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ።

ቅዳሜ ሲለቀውም እንደ ሐሙሱ በአንድ ቪዲዮ አላደረገውም። እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው እንደ ሥዕል እንዲቀመጥ አዘዘ። መብራት እንደተፈራው ሄደ፤ ማሽኑ ጠፋ። ሦስት ሰዓት ቆይቶ ሲመለስ ማኅደሩ ውስጥ 1,412 ሥዕሎች ጠበቁት። የመጨረሻው በግማሽ የተጻፈ ሊሆን ስለሚችል ከእሱ ጀምሮ ቀጠለ፤ እኩለ ሌሊት ላይ ሥዕሎቹን አያይዞ ቪዲዮውን ጨረሰ።

እሑድ፣ ከዝክሩ በኋላ፣ ቴሌቪዥኑ ከድንኳኑ ውስጥ ተተከለ። ልጅቱ ከቤሩት በስልክ ታያለች። ክሩ ከእንዝርቱ ሲወጣ ሴቶቹ አለቀሱ፤ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ስልኩ ውስጥ ረጅም ዝምታ ሆነ። ወጣቱ የግንኙነቱ መስመር የተቋረጠ መስሎት ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች በመጨረሻ። ቀጥላም፣ «ግን ክሩ ወፍሯል። የእናቴ ፈትል ቀጭን ነበር።»

ሽማግሌው ሸማኔም ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቷን ነው፤ እኔ የገዛሁት ፈትል ነው» አሉ።

ወጣቱ በዚያች ቅጽበት ሊሸማቀቅ በተገባው ነበር፤ አልተሸማቀቀም። ከእንግዶቹ በፊት ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ገባ፤ ሲኒዎቹን ደፋ፤ ላፕቶፑን ከላያቸው አስቀመጠ። የመስመሩን ውፍረት ከ6 ነጥብ ወደ 2 አወረደ። ለማሽኑ ቀጭን ክርና ወፍራም ክር አንድ ናቸው፤ ልዩነቱን የሚያውቁት የፈተለችው እጅ፣ የሸመነው ሰውና በቤሩት ሆና የምታልመው ልጅ ብቻ ናቸው። ለእነሱ ሲል 3,000ውን ፍሬም ከአንድ ጀምሮ እንደገና ለቀቀው።