ውኃው የት ደረሰ?

የአክስቴ ልጅ ሆላንድ ውስጥ፣ ዜላንድ በሚባለው ክፍለ ሀገር መኖር ከጀመረች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። ልጠይቃት ሄጄ ወጥ ቤቷ ውስጥ ቡና ስንጠጣ፣ “ከባሕር በታች እኮ ነው የተቀመጥከው” አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። በመስኮቱ የሚታየውን ሣር የለበሰ የአፈር ግድብ አሳየችኝ። ባሕሩ ከዚያ ወዲያ ነው፤ ማዕበል ባይኖርም ከተቀመጥንበት ወለል ከፍ ይላል። ከአገሪቱ መሬት ሩብ ያህሉ እንዲሁ ነው።

“እታለም፣ ታዲያ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሻል?”

“ግብር እከፍላለኋ!”

የመንግሥትን ግብር ማለቷ አልነበረም። እዚያ አገር ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የውኃ ምክር ቤቶች የሚባሉ አሉ፤ ዛሬ 21 ናቸው። ለብቻው ግብር ይሰበስባሉ፤ አብዛኞቹን አባሎቻቸውንም ሕዝቡ በየአራት ዓመቱ ይመርጣል። ለግድብ፣ ለቦይና ለፓምፕ ድምፅ ይሰጣል ማለት ነው! እ.ኤ.አ. በ2023 በተደረገው ምርጫ እሷም ተሰልፋ መርጣለች።

በማግስቱ ኦወርኬርክ ወደሚባል መንደር ወሰደችኝ። እዚያ የጎርፉ ቤተ መዘክር አለ። ሕንጻው ራሱ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1953 የመጨረሻውን ሽንቁር ለመድፈን ባሕር ውስጥ የተቀመጡ አራት ግዙፍ የኮንክሪት ሣጥኖች ነው። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 31 ሌሊት ማዕበል ግድቦቹን ጥሶ 1,836 ሰዎች ሞተዋል። ዮሃን ፋን ፌን የተባለ መሐንዲስ ግድቦቹ ዝቅተኛ መሆናቸውን አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር። ማስጠንቀቂያው ግን ከግድቡ ሥር ለሚተኛው ሰው አልደረሰም።

ከዚያ በኋላ መንግሥት የአካባቢውን የባሕር ሰርጦች አብዛኞቹን ደፍኖ ለመገላገል ቆረጠ። ኢርሰከ የሚባለው መንደር ሰው የሚኖረው ደግሞ ኦይስተር የሚባለውን ባለ ዛጎል የባሕር ሲሳይ እያረባ ነው። ምሥራቅ ስኬልት የተባለው ሰርጥ ከተደፈነ ውኃው ጨዉን ያጣል፤ ኦይስተሩም ያልቃል። አጥማጆቹ ከተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች ጋር ሆነው ተነሡ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ የታቀደው ድፍን ግድብ ቀርቶ 62 የብረት መዝጊያዎች ያሉት፣ በደኅና ቀን ተከፍቶ በማዕበል ቀን የሚዘጋ ተሠራና እ.ኤ.አ. በ1986 ተመረቀ። እርግጥ ከመጀመሪያው ዕቅድ እጅግ የከበደ ወጪ ጠይቋል። መሐንዲሶቹ ማዕበሉን ያውቁታል፤ ሰርጡ ቢደፈን ማን ጦሙን እንደሚያድር የሚያውቀው ግን የኢርሰከ ሰው ነበር።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የአገሪቱ የሚቲዎሮሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ትንበያ መሠረት፣ ዓለም ጭሱን ካልቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2100 ባሕሩ እስከ 1.2 ሜትር ከፍ ሊል ይችላል።

ግድቡ ላይ ቆሜ፣ ነፋሱ ጆሮዬን እየቆረጠኝ ያሰብሁት ግን መተሐራን ነው። ባሕር የለንም፤ በሰቃ ሐይቅ አለን። ከስድሳ ዓመት በፊት 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ሐይቅ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። ግጦሽ ውጧል፤ አውራ ጎዳናውንና የባቡር ሐዲዱን ተፈታትኗል። አጎቴ በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ውኃው ጫፍ ላይ የግራር ካስማ ይተክላል። በዓመቱ ካስማው ውኃ ውስጥ ይቀራል፤ እሱ ወደ ኋላ ሄዶ ሌላ ይተክላል።

የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን እንደያዝሁ ሰሞን፣ ስለዚሁ ሐይቅ ለአንድ ጋዜጣ ጽፌ ነበር። ሁለት ባለሙያዎችንና አንድ ሹም አነጋገርሁ። ያደርሁት አጎቴ ቤት ነው፤ እራቴንም የበላሁት ከሱ መሶብ። ጽሑፉ ሲወጣ ይዤለት ሄጄ አነበብሁለት። እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ሰማኝና፣ “ካስማዎቹስ?” አለኝ። አንድም ቃል አልጻፍሁም ነበር። ሊጠየቅ የሚገባው ሰው መሆኑ እንኳ ትዝ አላለኝም።

ከዜላንድ ልመለስ ስል በጠዋት ደወልሁለት። ስለ ውኃ ምርጫው ስነግረው ሳቀ፤ ለጎረቤት ሊያወራው እንደሆነ ገባኝ።

“ጋሼ፣ ውኃው የት ደረሰ?” አልሁት።

ጥቂት ዝም አለ።

“ደብተር ይዘሃል?” አለና፣ ከመጀመሪያው ካስማ ጀምሮ የያንዳንዱን ዓመት በእርምጃ ይቆጥርልኝ ጀመር።