ጀርባቸውን ሰጥተው የሚቀዝፉ

የጀልባ ቀዘፋ ውድድርን ከወንዝ ዳር ቆሞ የሚከታተል ሰው ከተመልካች ሁሉ ጥቂቱን የሚያይ ነው። የእግር ኳስ ተመልካች ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቃኛል፤ ስታዲየም የገባ የሩጫ ወዳጅም እያንዳንዱን ዙር ይቆጥራል። የወንዝ ዳር ተመልካች ግን ሰዓታት ጠብቆ የሚያገኘው አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ጀልባዎቹ ከአንዱ መታጠፊያ ብቅ ይላሉ፤ ከፊቱ ያልፋሉ፤ በሌላው መታጠፊያ ይሰወራሉ። ሲጀመር አላየም፤ ማን እንዳሸነፈም የሚያውቀው ከሌላ ሰው አፍ ሰምቶ ነው።

ይህን የተረዳሁት መጋቢት 29 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 2019) ለንደን ውስጥ፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር ቆሜ ነው። ዕለቱ የዐቢይ ጾም ገብር ኄር እሑድ ነበር። አብረውኝ የነበሩት ከባሕር ዳር ለዓይን ሕክምና የመጡት አጎቴ ናቸው። አጎቴ ከወጣትነት እስከ ጡረታ በጣና ሐይቅ ላይ በጀልባ ሥራ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ ከከተማው ምን እንዳሳያቸው ስጠይቅ ቤተ መንግሥቱንም ሆነ ትልቁን ሰዓት አልመረጡም። «ውኃ ካለ ውኃ አሳየኝ» አሉ።

የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች የቀዘፋ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1829 ነው። ከ1856 ወዲህ ደግሞ፣ የዓለም ጦርነቶቹና የ2020ው ወረርሽኝ ካቋረጡት በስተቀር፣ በየዓመቱ ሲደረግ ኖሯል። ከፑትኒ እስከ ሞርትሌክ ያለው ርቀት 6.8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1877 ሁለቱ ጀልባዎች እኩል ገቡ ተብሎ ተወሰነ፤ በ1912 ሁለቱም ሰጠሙ፤ በ2003 ኦክስፎርድ ያሸነፈው በአንድ ጫማ ርዝመት ብቻ ነበር። ሴቶቹ በ1927 ቢጀምሩም ከወንዶቹ ጋር በአንድ ቀንና በአንድ የውኃ መንገድ መወዳደር የቻሉት በ2015 ነው።

ይህን ሁሉ በመንገድ ላይ ስተርክላቸው አጎቴ በትሕትና አዳመጡኝ። ያስገረማቸው ግን የውኃው ጠባይ ነው። ቴምዝ በለንደን በኩል ባሕር የሚገፋው ወንዝ ነው፤ ማዕበሉ ሲሞላ ውኃው ተመልሶ ሽቅብ ይሄዳል። የውድድሩ ሰዓት የሚቆረጠውም በዚህ ሙላት ነው፤ ቀዛፊዎቹ ወደ ላይ የሚጓዙት የሚገፋቸውን ውኃ ጠብቀው ነው። አጎቴ የሚንሳፈፍ ቅጠል አሳይቻቸው፣ ወዴት እንደሚሄድ ትክ ብለው ተመለከቱ። «ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሲመለስ አላየሁም» አሉና ዝም አሉ።

ከሐመርስሚዝ ድልድይ በላይ፣ በደቡቡ የወንዝ ዳር ከቆመው ሕዝብ መካከል ቦታ ይዘን ቆምን። ጀልባዎቹ በቀኛችን፣ ከድልድዩ ሥር ነው የሚመጡት። ይህን አስቀድሜ ልነግራቸው ግድ ነበር። ግላኮማ የአጎቴን ዕይታ ከዳር ዳር በልቶ መሐሉን ብቻ አስቀርቶላቸዋል፤ በቧንቧ አሾልቆ እንደሚያይ ሰው ነበሩ። ከሁለት ቀን በፊት ሐኪማቸው ዘንድ ገብተን ነበር። በሥራዬ ተርጓሚ በመሆኔ የመጣውን ቃል ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ ማስተላለፍ ለምጃለሁ። ሐኪሙ፣ «የጠፋው ዕይታ አይመለስም፤ የቀረውን ግን ጠብታውን ሳያቋርጡ በመውሰድ ማቆየት ይቻላል» አሉ። እንደተባለው ተረጎምኩት። አጎቴ «እሺ» ብቻ ብለው ባርኔጣቸውን አነሡ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዓይናቸው አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ የጠብታው ብልቃጥም ሳይከፈት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ሴቶቹ ቀድመው አለፉ፤ ካምብሪጅ እየመራ ነበር። አጎቴ ከያዙት ቆሎ ዘግነው ሰጡኝና፣ «ለመሆኑ ጀርባቸውን ሰጥተው ነው እንዴ የሚሄዱት?» ሲሉ ጠየቁኝ። በጣና ላይ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ፊቱን ወደሚሄድበት አዙሮ ይቀመጣል፤ ሸምበቆውን ግራና ቀኝ እያፈራረቀ ዳር እስኪደርስ መድረሻውን ያያል። እነዚህ ስምንቱ ግን የሚያዩት ትተውት የሚሄዱትን ውኃ ነው። ወደፊት የሚያየው በጀልባው ጫፍ የተቀመጠው፣ ከሁሉም በአካል ያነሰው ዘጠነኛው ሰው ብቻ ነው። እርሱ መቅዘፊያ አይዝም፤ መሪ ይዞ ይናገራል። ወንዙ ሦስት ቦታ ላይ ስለሚታጠፍ አንዴ ለአንደኛው ዳር፣ አንዴ ለሌላው ያደላል፤ ጅረቱ የበረታበትን መሥመር አይቶ የሚነግራቸው እርሱ ነው።

«እነርሱስ ያላዩትን በቃሉ ብቻ አምነው?» አሉ አጎቴ።

«በቃሉ ብቻ» አልኳቸው።

ወንዶቹ ሲቃረቡ አስቀድሞ የተሰማው የሄሊኮፕተሩ ድምፅ ነው። ቀጥሎ የሕዝቡ ጩኸት፣ ዝናብ ከማዶ ቆርቆሮ እየደበደበ እንደሚመጣ፣ ዳርቻውን ይዞ እየቀረበ መጣ። በካምብሪጅ ጀልባ ውስጥ በሲድኒና በአቴንስ ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘው ጄምስ ክራክኔል ነበር፤ በ46 ዓመቱ በዚህ ውድድር ታሪክ በዕድሜ ትልቁ ተወዳዳሪ ሆኖ። ለአጎቴ እርሱን ለማሳየት ፈልጌ፣ «ከድልድዩ ወጡ፤ ካምብሪጅ ይመራል፤ ያ ጎልማሳ ደግሞ...» እያልኩ ስጣደፍ እጃቸውን ክንዴ ላይ አሳረፉ። «ተወኝ፤ አንዱን ይዤዋለሁ» አሉ። አንገታቸውን ቀስ እያደረጉ ከቀኝ ወደ ግራ አዞሩ። ጀልባዎቹ አለፉ።

ሰዉ ሁሉ ወደ ሄዱበት አንጋጦ ሳለ አጎቴ ድንገት ክንዴን ይዘው ወደ ኋላ ሳቡኝ። ተወዳዳሪዎቹን ተከትለው ያለፉት የሞተር ጀልባዎች ያስነሡት ሞገድ ዳርቻውን መትቶ ከፊታችን የቆሙትን እስከ ቁርጭምጭሚታቸው አረጠባቸው። እየጮሁም እየሣቁም አፈገፈጉ። የእኛ ጫማ ደረቅ ነበር። «ጀልባ ሲያልፍ ውኃው ኋላ ይመጣል፤ ይህን ለማወቅ ዓይን አያስፈልግም» አሉኝ።

ጥቂት ቆይቶ ከአጠገባችን በስልኩ ሥርጭቱን ይከታተል የነበረ ወጣት ካምብሪጅ በ16 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ገብቶ በሁለት ሰከንድ ማሸነፉን ነገረን። እኛ ያየነው የዚያን አሥራ ሰባት ደቂቃ ቁራጭ ብቻ ነው። ሆኖም የወንዝ ዳር ሰው ሲከፋው አላየሁም። እያንዳንዱ በቆመበት ያለፈውን ለጎረቤቱ ያወራል፤ ከላይ ከቆመው የጎደለውን ይጠይቃል፤ ውድድሩ ሙሉ የሚሆነው እንዲህ ተገጣጥሞ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ፣ አጎቴ ማንን እንዳዩ ጠየቅኳቸው።

«ከስምንቱ አንዱንም አላየሁም» አሉ። «ዘጠነኛውን ግን መጥቶ እስኪያልፍ ድረስ አየሁት። ያ የሚናገረውን።»

ሁለት ጣቢያ ያህል በዝምታ ተጓዝን። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ ሦስት ቀን ሙሉ በልባቸው የያዙትን ጥያቄ አወጡት።

«ልጄ፣ 'የቀረውን ማቆየት ይቻላል' ያለው ሐኪሙ ነው ወይስ አንተ ነህ?»

በሥራዬ ብዙ ጊዜ ተጠይቄያለሁ፤ ቃል ተመርምሮብኛል፤ ዐረፍተ ነገር ተመልሶልኛል። እንዲህ በስስት የቀረበ ጥያቄ ግን አላስታውስም። አንድ የዘመድ ልጅ ክፉ ወሬን ለማለዘብ ከራሱ አንድ ቃል ሊጨምር እንደሚችል ያውቃሉ። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ያ ቃል የሚደገፉት አይደለም።

«ሐኪሙ ናቸው ያሉት» አልኳቸው። «'አይመለስም' ያሉትም እርሳቸው ናቸው፤ 'ማቆየት ይቻላል' ያሉትም እርሳቸው ናቸው። እኔ የጨመርኩት የለም።»

ጥቂት አሰቡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«እንግዲያው ጠብታው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«ማታ ሦስት ሰዓት።»

«አስታውሰኝ» አሉ።