ስለ አንድ ከበሮ መቺ ከልጃችን ጋር የተከራከርነው

የበኩር ልጃችን በየማታው ክፍሉን ዘግቶ ከኮምፒዩተሩ የሚያወጣው የከበሮ ድምፅ ግድግዳውን ሲያናውጥ፥ ይህን ጩኸት ማን ሙዚቃ አለው እያልን ብዙ ወራት ስናማርር ኖርን። ከበሮው ይሮጣል፤ ይሰበራል፤ ደግሞ ከመካከል ይጀምራል። አንድ ቀን ማታ ልንቈጣው ብንገባ፥ እርሱ ወንበር አቅርቦ «አባባ፥ ከመቈጣትዎ በፊት ተቀምጠው ይስሙኝ» አለን። ተቀመጥን።

ይህ ሙዚቃ ብሬክቢት ይባላል። ብሬክ ማለት በዘፈን ውስጥ ዘፋኙና ሌላው መሣሪያ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን የሚቀርበት አጭር ጊዜ ነው። በሠርግ ቤት ዘፋኙ ትንፋሹን ሲሰበስብ፥ ከበሮና ጭብጨባ ብቻ ቀርቶ ጭፈራው እንዴት እንደሚግል ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ያስተውለዋል።

በኒውዮርክ ከተማ ብሮንክስ በተባለው ሰፈር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ኦገስት 11 ቀን 1973 ዓ.ም. ሲንዲ ካምቤል የምትባል ልጅ፥ ለትምህርት መክፈቻ አዲስ ልብስ የምትገዛበት ገንዘብ ፈልጋ በሚኖሩበት ሕንጻ አዳራሽ የጭፈራ ምሽት አሰናዳች። መግቢያው ለሴቶች 25፥ ለወንዶች 50 ሳንቲም ነበረ። ሸክላ አጫዋቹ፥ ማለት ዲጄው፥ በጃማይካ የተወለደው ወንድሟ ክላይቭ ነበረ፤ ኩል ሄርክ እየተባለ የሚጠራው። ይህ ሰው ጨፋሪዎች ያችን የከበሮ ጊዜ በጉጉት እንደሚጠብቁ ስላስተዋለ፥ አንድ ዓይነት ሁለት ሸክላ በሁለት ማጫወቻ አስቀምጦ፥ አንደኛው ሲያበቃ ሁለተኛውን እየጀመረ አጭሩን አስረዘመው። ሴቶች ልጆቻችን ስለ ልብስ ሲነዘንዙን ከእንግዲህ በትዕግሥት መስማት ይገባን ይሆናል።

ልጃችን የሚሰባብረው ከበሮ ግን የሌላ ሰው እጅ ነው። ዊንስተንስ የተባሉ የአሜሪካ ሙዚቀኞች በ1969 ዓ.ም. አንድ ሸክላ አወጡ። በፊተኛው ገጽ ያለው፥ ቤተ ሰቡን የሚንከባከብ እንጀራ አባትን የሚያመሰግነው ዘፈን እጅግ ተወደደ፤ በኋለኛው ገጽ ግን «አሜን ብራዘር» የሚባል ዜማ ነበረ። በመካከሉ ግሪጎሪ ኮልማን ስድስት ሰከንድ ያህል ብቻውን ከበሮ ይመታል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የለንደን ወጣቶች ይህን ድምፅ ሳምፕለር በሚባል መሣሪያ ቀድተው፥ ምቱን አንድ በአንድ ቈርጠው፥ ቦታውን አለዋውጠውና አፍጥነው ጃንግል የሚባለውን ሙዚቃ ሠሩበት። እስከ ዛሬም ከዚያች ስድስት ሰከንድ የተሠራው ሥራ በሺህ ይቈጠራል።

«ሰውዬውስ ምን አገኘ?» ብለን ጠየቅን። ልጃችን ጥቂት ዝም አለ። ኮልማን ከዚህ ሁሉ አንዳች ሳያገኝ በ2006 ዓ.ም. ሞተ፤ የሙዚቀኞቹ አለቃ ሪቻርድ ስፔንሰር እንደ ተናገረው፥ በመጨረሻ ዘመኑ ቤት እንኳ አልነበረውም። በ2015 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር መዋጮ ተደርጎ 24,000 ፓውንድ ለስፔንሰር ተሰጠው። ለኮልማን ግን ዘጠኝ ዓመት ዘገየ።

እኛም «በአገራችን የሰው በሬ ጠምዶ ያረሰ ሰው፥ እህሉ ሲገባ ለበሬው ባለቤት ድርሻውን ይሰፍርለታል» አልነው። እርሱም «በሬ ለሌላ ሲያርስ ለባለቤቱ አያርስም፤ ድምፅ ግን ቢወሰድ አይጐድልም። ባይወስዱትስ ኖሮ ዛሬ ስሙን ማን ያነሣው ነበር?» አለን። ስም እንጀራ አይሆንም ብለን ብንመልስ «እንግዲያስ እኔ ለማን ልክፈል?» ሲል ጠየቀ። ለዚህ መልስ አጣን። ባለቤታችን ቡና ይዛ ገብታ ሁለታችንንም ዝም አሰኘችን።

በሳምንቱ ለጓደኞቹ ሊልክ ያሰናዳውን ሥራ ሲያሳየን፥ ከራሱ ስም በላይ «ከበሮ፦ ግሪጎሪ ኮልማን» ብሎ ጽፎ አየን። ስለ ገንዘቡ ክርክራችን ገና አላለቀም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ ግን ተስማምተናል።