እስክስታን በክፍያ ስለ ማስተማር

በመካነ ኢየሱስ ከተማ የእስክስታ ማስተማሪያ ቤት ልንከፍት መሆኑን በተናገርን ጊዜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የቀረበልን ጥያቄ የቤቱ ኪራይ ስንት ነው የሚል አልነበረም፤ እስክስታን ገንዘብ ከፍሎ የሚማር ማን ነው የሚል ነበር እንጂ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእስቴም ሆነ በጋይንትና በስማዳ ልጅ እስክስታን የሚያውቀው በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሠርግ ቤት ሲገባ ነው። ውሃ ከምንጭ በነጻ በሚቀዳበት ስፍራ ውሃ ሊሸጥ የተነሣ ሰው ምን ያህል ማሰብ እንዳለበት አንባቢ ይገምተው።

ነገር ግን ኑሮ ተለውጧል። በከተማው ከሚያድጉት ልጆች ብዙዎቹ የመንግሥት ሠራተኛና የነጋዴ ልጆች ስለ ሆኑ፣ ጥምቀትን ከአያቶቻቸው ዘንድ ሄደው የሚያከብሩት በስንት ዓመት አንድ ጊዜ ነው። ሠርግም ዛሬ በቪዲዮ ይቀረጻል፤ ሚዜዎቹ በአንድነት ገብተው በአንድነት እስክስታ እንዲወርዱ ይፈለጋል፤ ይህም ያለ ልምምድ አይሆንም። እኛ ባልና ሚስት እንጀራችንን ያገኘነው ከዚህ ነው።

የስሙ ነገር ግን ከገንዘቡ ይልቅ አስቸግሮናል። አዝማሪ የሚለው ቃል ማመስገንን ከሚያመለክት የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ በሰው አፍ ብዙ ዘመን የንቀት ስም ሆኖ ኖሯል። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተቋቁሞ ዘፈንና ጭፈራን ከመድረክ ካወጣ ወዲህ፣ በኋላም የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የወሎው ላሊበላና የጎጃሙ ግሽ ዓባይ የኪነት ቡድኖች ስማቸው ከተጠራ በኋላ ንቀቱ ቀንሷል፤ ይሁን እንጂ አንዲት እናት ሴት ልጇን ወደ እኛ ስትልክ ጎረቤት ምን ይላል ብላ መጨነቋ አልቀረም። እኛም በክርክር አልመለስንም። ለሴቶች ልጆች የሚሰጠውን ትምህርት ወደ ቅዳሜ ጧት አዛወርነው፤ በሩን ክፍት አደረግን፤ ከግድግዳው ሥር ለእናቶች አግዳሚ ወንበር አኖርን፤ ማስተማሩንም ባለቤቴ ያዘችው። እናቶቹ ሊጠብቁ መጥተው ሲመለከቱ ሰነበቱ። በሦስተኛው ወር ከእነርሱ አራቱ ለራሳቸው ተመዘገቡ፤ ይህንንስ ከቶ አላሰብነውም ነበር።

ሌላው ብርቱ ነገር ጾም ነው። ቤተ ልሔምን የመሰለ የድጓ ማስመስከሪያ በሚገኝበት አገር የምንኖር እንደ መሆናችን፣ በዐቢይ ጾም ኀምሳ አምስት ቀን ከበሮ አንመታም። ከኅዳር 15 እስከ ገና፣ በነሐሴም የፍልሰታ ጾም እንዲሁ ነው። (የካህናቱን ወረብና ሽብሸባ ከእኛ ጭፈራ ጋራ የሚያነጻጽሩ እንግዶች አልፎ አልፎ ይመጣሉ፤ እኛ ግን ይህን ንግግር አንወድም፤ ያ ጸሎት ነው።) የቤት ኪራይ ግን አይጾምም። ስለዚህ በጾም ወራት ሁለት ነገር ጀመርን። አንደኛው ያለ ከበሮ በቁጥር ብቻ የሚሠራ የሴቶች የሰውነት ማሠልጠኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠው የሚውሉ የመሥሪያ ቤት ሴቶች ለትከሻቸውና ለወገባቸው ሕመም ይጠቅመናል ብለው ይመጣሉ። ሁለተኛው ልብስ ነው። የጭፈራ ቀሚስ፣ መቀነትና ተነፋነፍ እያሰፋን ለሚዜዎችና ለትምህርት ቤት በዓል ማከራየት ጀመርን፤ እነሆ ዛሬ ልብሱ ከትምህርቱ የበለጠ ያስገባል።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን ሲገባ ቤቱን ዘጋን፤ ትምህርቱንም በስልክ ቀርጸን በኢንተርኔት እንልክ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ጦርነት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ የሌሊት ሠርግም ቀረ። በዚያን ጊዜ ልጆቻችንን ይዘን ወደ ባሕር ዳር እንሂድ ወይስ እንቈይ እያልን ብዙ ሌሊት ተነጋግረናል። በኋላ አንድ የሙዚቃ ቤት ባለቤት፣ ዘፈን በሚሞሪ ካርድ እየገለበጠ እንደሚሸጥ ሁሉ የእኛንም ትምህርት ይገልብጥ ብለን ተስማማን። ካርዱ በሰው ኪስ እየተጓዘ እኛ ራሳችን ከማንደርስበት ቀበሌ ደረሰ። ጥሬ ገንዘብ ያጠረው አንድ ቁና ጤፍ ላከልን፤ እኛም በደስታ ተቀበልን።

ከሁሉ ይልቅ ልንናገርለት የምንወደው ግን ሌላ ነው። አንዲት አሮጊት የልጅ ልጃቸውን አሳዝለው አመጡልንና፣ «ልጆቼ፣ ይህ ልጅ ቆሞ አይሄድም፤ ተቀምጦ ይመልከት ብዬ ነው» አሉን። ባለቤቴም፣ «እማማ፣ እስክስታ በትከሻ ነው እንጂ በእግር ነውን?» ብላ መለሰችላቸው። አዲስ አበባ ውስጥ በ1980ዎቹ መጨረሻ የጎዳና ልጆችን ዳንስ ለማስተማር የተመሠረተው አዱኛ የተባለው ማኅበር፣ አካል ጉዳተኞችንም ከሌሎቹ ጋራ ያስጨፍር እንደ ነበር ሰምተናል። ስለዚህ ልጁ ብቻውን ተቀምጦ እንዳያፍር፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ሁሉም ተቀምጠው ይማሩ አልን። ያገኘነው ፍሬ አስደነቀን። ጀማሪ ሰው ቆሞ ሲጨፍር ትከሻው እንቢ ሲለው በጉልበቱና በወገቡ ይሸፍነዋል፤ በወንበር ላይ ሲቀመጥ ግን መሸሸጊያ የለውምና ደረቱና ትከሻው ብቻ ይሠራሉ፤ አንገቱም ለብቻው መንቀሳቀስን ይማራል። ከዚያ ወዲህ ማናቸውም አዲስ ተማሪ አስቀድሞ በወንበር ይጀምራል። ልጁም ዛሬ ለጀማሪዎች ትከሻ አሳዪ እርሱ ነው፤ በሠርግም እየተጠራ የራሱን ሽልማት በግንባሩ ይቀበላል።

ወጣቶቹ በቲክቶክ ያዩትን የውጭ አገር እርምጃ አስተምሩን ይላሉ። የከበሮ መቺያችን ሽማግሌው «ይህ ምን ዐይነት መንፈራገጥ ነው!» እያሉ ከቤቱ ይወጣሉ። እኛ ለወጣቶቹ ሐሙስ ማታ አንድ ሰዓት ሰጠናቸው፤ ሽማግሌውንም በዚያ ሰዓት ሻይ እንጋብዛቸዋለን።

በካዛንችስ የነበረውን ፈንድቃን ብዙ አንባቢዎች ያውቁታል። መላኩ በላይ በዚያ አዝማሪ ቤት በተመልካች ሽልማት ብቻ እየጨፈረ ብዙ ዓመት ከኖረ በኋላ ቤቱን ራሱ ተረክቦ፣ ከአዝማሪው ጋራ የሥዕል ማሳያና የግጥም ምሽት ጨመረበት፤ ኢትዮከለር በተባለው ቡድኑም በውጭ አገር ስሙን አስጠራ። ካዛንችስ በ2017 ዓ.ም. ለአዲስ ግንባታ ሲፈርስ ግን ፈንድቃም ከነበረበት ስፍራ መልቀቅ ግድ ሆነበት። ይህን ወሬ የሰማነው የቤታችን አከራይ ለልጁ መጋዘን ሊያደርገው እንደሚፈልግ በነገረን ሰሞን ስለ ነበር፣ እጅግ አሳሰበን። ቀኑ እስከ ሰኔ ነው። ከበሮውን፣ የልብሱን ሣጥንና ዐሥራ ሁለቱን ወንበሮች ማጓጓዝ ቀላል ነው፤ ያስቸገረን ቅዳሜ ጧት የጉና ነፋስ ሳያገኛቸው እናቶች ተቀምጠው የሚመለከቱበት፣ በሩም ወደ መንገድ የሚከፈት ቤት ማግኘት ነው። እስካሁን ሦስት ቤት አይተናል፤ ሁለቱ ጨለማ ናቸው፤ ሦስተኛው ደረጃ ስላለው ልጁን ማን ያወጣዋል ብለን ትተነዋል።