ከጡረታ በኋላ ዓለም ከተማ እንገናኝ



በሥነ መለኮት ኮሌጅ ስንማር እኔና ሦስት ጓደኞቼ አንድ ክፍል ነበር የምናድረው። በመጨረሻው ዓመት አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሻማ ዙሪያ ተቀምጠን ሳለ፣ ስናረጅ አብረን ለመኖር ቃል ተግባባን። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ትውልዴ መርሐቤቴ ስለሆነ ዓለም ከተማ ይሁን አልኳቸው።

አገሩን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ ጫንጮን አልፋችሁ ሙከጡሪ ላይ ወደ ቀኝ ትታጠፋላችሁ። ለሚን ካለፋችሁ በኋላ ሜዳው ድንገት ያልቅና መኪናው ወደ ጀማ ሸለቆ መውረድ ይጀምራል። ጠዋት ካፖርት ለብሶ የተነሣ ሰው ወንዙ ጋ ሲደርስ ያወልቀዋል። ድልድዩን ተሻግራችሁ ዳገቱን ስትጨርሱ ዓለም ከተማ ናችሁ።

ሕልማችን ቀላል ነበር። በአንድ ግቢ አራት ትንንሽ ቤቶች፣ መሐል ላይ አንድ የጋራ ማዕድ ቤት፣ ጓሮው ውስጥ ጎመንና የንብ ቀፎ። ጠዋት አብረን እንጸልያለን፣ ከዚያ እንሠራለን፣ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን ልጆች እናስጠናለን። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ በተገናኘን ቁጥር ይህን ስናወራ ኖርን። ጥቅሳችን ካሌብ ነበር። በሰማንያ አምስት ዓመቱ ተራራውን ስጠኝ ብሎ ኢያሱን የጠየቀው ካሌብ (ኢያሱ 14)።

ባለፈው ዓመት ነገሩን የምር አድርጌ ለባለቤቴ አነሣሁባት። ዝም ብላ ከሰማችኝ በኋላ፣ «መሄድ ነው የፈለግኸው ወይስ መሸሽ?» አለችኝ።

ተቆጣሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ እውነቷን ነበርና። በዚያ ሰሞን የማያልቀው ስብሰባ፣ የሽማግሌዎች አለመግባባትና አዲሱ ወጣት አገልጋይ ሲሰብክ ሕዝቡ የሚያሳየው ደስታ፣ ሁሉም ተደራርቦ ልቤን አድክሞት ነበር። ዓለም ከተማን እንደ አገልግሎት ሳይሆን እንደ መደበቂያ ማየት ጀምሬ ነበር። ይባስ ብሎ በሕልሜ ውስጥ እዚያም አለቃ ነበርኩ። ግቢው የኛ፣ ትምህርቱ የኛ፣ ቃሉም የኛ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ያለፍኩትን ክፍል ቆም ብዬ አነበብኩት። በዘኁልቁ 8 መጨረሻ ላይ ሌዋዊ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ከሥራው እንዲያርፍ ታዝዟል። ከመገናኛው ድንኳን ግን አልተባረረም፤ ወንድሞቹን እየረዳ ይቆያል። ልብ በሉ፣ ሸክሙ ወደ ታናናሾቹ ትከሻ ያልፋል፣ እሱ አጠገባቸው ይቆማል። እኔ ሃምሳን ካለፍኩ ሰነባብቻለሁ፤ ሸክሙን ግን አላወረድኩም።

ለምን አናወርድም? አንዱ ምክንያት ፍርሃት ነው፤ በግልጽ እንነጋገር። በአገራችን የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ የሃይማኖት ተቋማት ሠራተኞችም ከፈቀዱ እንዲታቀፉ በር ከፍቶ ነበር። ብዙ አገልጋዮች ግን መዋጮ ሳይከፈልላቸው ሸምግለዋል። መድረኩን ሲለቁ ቤቱንም እንጀራውንም የሚለቁ ይመስላቸዋል። ይህን የምታነቡ የቤተ ክርስቲያን መሪዎች፣ አገልጋያችሁ በክብር እንዲያርፍ ከፈለጋችሁ ዛሬ አስቡለት።

ወደ ዓለም ከተማ ልመለስ። ሕልማችንን ለአንድ የአገሬ ሽማግሌ ገበሬ አጫወትኳቸው። ጨርሰው ሰሙኝና፣ «እንግዳ ከሆናችሁ እናበላችኋለን። ጎረቤት ከሆናችሁ ግን ወንፈል ትገባላችሁ» አሉኝ። ወንፈል ዛሬ እኔ ማሳህ ላይ፣ ነገ አንተ ማሳዬ ላይ የምንሠራበት ወግ ነው። በወንፈል አለቃ የለም፤ ተራ ብቻ አለ። ዘኁልቁ 8ን ሰብኬው አላውቅም ነበር፣ እሳቸው በአንድ ቃል ሰበኩልኝ።

መርሐቤቴ ከሩቅ መጥቶ የሠራ ሰው አይታለች። ኦስትሪያዊው ካርልሃይንዝ ቦህም ዝነኛ የፊልም ተዋናይ ነበር። በ1981 እ.ኤ.አ. «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት ሲመሠርት የ53 ዓመት ሰው ነበር። ሥራውን የጀመረው በምሥራቅ ኢትዮጵያ በኤረር ሸለቆ፣ በጦርነት የተፈናቀሉ ሰዎችን በመርዳት ነው። መርሐቤቴ የገባው በ1992 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል ሲሠራም የድርጅቱ እጅ ነበረበት። ሰውየው ሰባኪ አልነበረም። እኔ ግን ዕድሜውን ከዕድሜዬ ጋር ሳስተያይ ራሴን ጠየቅኩ፦ እስከ 60 የምጠብቀው ምንድን ነው?

ይህን ለጓደኞቼ ልነግራቸው ሳስብ፣ ከአራታችን አንዱን ስትሮክ መታው። ግራ ጎኑ እስካሁን በደንብ አይታዘዝለትም። ስልክ ደውዬለት ስለ ዓለም ከተማ ምንም ላለማንሣት ስጠነቀቅ እሱ ራሱ አነሣው። በቀስታ፣ ቃሉን እየፈለገ፣ «እኔ ቤርዜሊን ሆኛለሁ። ከመዓምን ውሰዱ» አለኝ።

ታሪኩ በ2ኛ ሳሙኤል 19 ይገኛል። የሰማንያ ዓመቱ ቤርዜሊ ከዳዊት ጋር ወደ ኢየሩሳሌም እንዲሄድ ሲጋበዝ፣ አርጅቻለሁ፣ በአገሬ ልሙት፣ በእኔ ፈንታ ከመዓም ይሂድ አለ። ጓደኛዬ የሰጠን ልጁን ነው። እርሻ ያጠና ወጣት ነው፣ ከሁላችንም ይልቅ ጉልበትም እውቀትም አለው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ። ያ ወዳጄ ሃምሳ የሞላው ሌዋዊ ማለት ምን እንደሆነ ከእኔ ቀድሞ ገብቶታል።

ስለዚህ ግቢውን አልገዛንም። የተስማማነው እንዲህ ነው፦ መንገዱ ሲፈቅድ በዓመት ሁለቴ ለአንድ አንድ ሳምንት እንሄዳለን። ከወጣቱ ጋር ቀፎ እንሠራለን፣ ተማሪዎች እናስጠናለን፣ እዚያ ባለችው ትንሽ ጉባኤም ካልተጠየቅን አንሰብክም። መንገዱ የተዘጋባቸውና በስልክ ብቻ የጸለይንባቸው ወራት ነበሩ። በመጀመሪያው ጉዟችን ግን ሦስታችን እርከን ስንክብ እኚያ ሽማግሌ የተላጠ እጃችንን አይተው ሳቁብን። እንዲያ የተሳቀብኝ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ደስ አለኝ።

በምመራው ጉባኤም ዋናውን ኃላፊነት ለወጣቱ ወንድሜ ማስረከብ ጀምሬአለሁ። እሑድ እሱ ሲሰብክ ከፊት ወንበር ላይ ሆኜ እጸልይለታለሁ። ከመስበክ ይልቅ ይህ ይከብዳል፣ አልደብቃችሁም። ባለቤቴ ግን ሰሞኑን፣ «አሁን እንሂድ ብትለኝ እሄዳለሁ» ብላኛለች።

አንተስ ወንድሜ፣ አንቺስ እህቴ፣ ለጡረታ ያቆያችሁት መልካም ሥራ የቱ ነው? ከእርሱ ትንሹን ክፍል በዚህ ወር ጀምሩ። አንድ ወዳጅ ጥሩና አብራችሁ ጀምሩ።

ጌታ ሆይ፣ ሸክሙን ስናወርድ ከወንድሞቻችን አጠገብ እንዳንርቅ እርዳን። አሜን።